ተከፍሎበት የሚደፋው ምግብ

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ በትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ላይ ስለሚባክነው ምግብ እንነጋገራለን። የምግቡ ዋጋ በአብዛኛው ከቲኬቱ ጋር አስቀድሞ ስለሚከፈል፣ ተጓዡ ሳህኑን ደጋግሞ ቢሞላ ተጨማሪ ሂሳብ አይመጣበትም። ቡፌው ፊት ሲቆም ረሃቡን ትቶ የከፈለውን ያሰላል፤ ከአቅሙ በላይ ይበላል፣ የተረፈው ይደፋል። ማርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ በአብዛኛው ባሕር ላይ፣ መርከቦች የተፈጨ የምግብ ትራፊ ከየብስ ከ3 የባሕር ማይል በላይ ርቀው እንዲጥሉ ይፈቅዳል። ብክነቱ ከተጓዡ ዓይን የሚሰወረው እንዲህ ነው።

አቅራቢ 2፦ ነገር ግን ከፍሎ ለዕረፍት የወጣን ሰው "ቆጥበህ ብላ" ማለት ደስታውን መንጠቅ አይሆንም? ደግሞስ ባሕር መሀል የተረፈ ምግብ ለየትኛው የተራበ ይደርሳል?

አቅራቢ 1፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። የዛሬው ትራፊ ለተራበ ባይደርስም፣ ትራፊው ሲቀንስ ለቀጣዩ ጉዞ የሚገዛው ምግብ ይቀንሳል፤ እህሉን ለማብቀል የሚፈሰው ውሃ፣ ለማጓጓዝና ለማቀዝቀዝ የሚቃጠለው ነዳጅም ይድናል። ደስታም አይጓደልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኖርዌይ ሆቴሎች ጥናት፣ የቡፌ ሳህን ማሳነስ የእንግዶችን እርካታ ሳይነካ ብክነቱን በ20 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል።

አቅራቢ 2፦ እንግዲያው ጥፋቱን ሁሉ በተጓዡ ሆድ ላይ መጫን አይገባም፤ አቀራረቡም ይገፋፋዋል።

አቅራቢ 1፦ ትክክል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ሳህኑን ያሳንሱ። ተጓዦችም ጥቂት አንሡ፤ ካልበቃችሁ ተመለሱ እንጂ አትቆልሉ።