ወራቸው ሳይሞላ ለተወለዱ ሕፃናት የሚደረግ የእጅ ሕክምና

ወሩን ሳይፈጽም ከማኅፀን የወጣ ሕፃን፣ ቆዳው ስስ፣ ሳንባው ያልጠና፣ በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ በሽቦና በቧንቧ ተከቦ ሲተኛ፣ የሚያገኘው የሰው እጅ አብዛኛውን ጊዜ መርፌ ወይም መመርመሪያ የያዘ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አንድሩ ቴይለር ስቲል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 የመሠረተው፣ አዕፅምትንና ጅማትን በእጅ እየዳሰሱ የማከም ጥበብ፣ ማለትም ኦስቲዮፓቲ፣ ወደ እነዚህ ሕፃናት ማቆያ ክፍል የገባው ግን በቅርብ ዘመን ሲሆን፣ ምርምሩን በብርቱ የገፉበት ጣልያኖች ናቸው።

በዚህ ምርምር የኦስቲዮፓቲ ባለሙያው በሳምንት 2 ጊዜ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል እየመጣ፣ 10ሩን ደቂቃ በመመርመር፣ የቀረውን በማከም ያሳልፋል፤ ማከም ስንልም እንደ ወጌሻ መጎተትና ማሸት ሳይሆን፣ ጣቶችን በሥጋው ላይ እጅግ በለሆሳስ ማሳረፍ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 በታተመው ጥናት፣ በ3 የጣልያን ሆስፒታሎች የነበሩ 695 ሕፃናት በዕጣ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ የተለመደው የሆስፒታል እንክብካቤም ለሁለቱም ሳይጓደል እየተሰጠ፣ በእጅ የታከሙት ከቀሩት 4 ቀን ያህል ቀድመው ወደ ቤታቸው ተሰናበቱ፤ በየቀኑ በሚጨምሩት ክብደት ግን ልዩነት አልታየም፤ ይህም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠያቂ አእምሮን ዝም የማያሰኝ ነው። ስለዚህ ውጤቱ በሌላ አገርና በሌሎች መርማሪዎች ሊደገም ይገባዋል እንላለን።