ከአስፋልት ሥር የወጣ ማሳ

ጎመንና ቲማቲም ከጉልት ሲገዛ እንጂ ከምን ዓይነት አፈርና ከማን ድካም እንደሚወጣ ሳያይ የሚያድገውን የከተማ ልጅ ከሥነ ፍጥረት ጋር የሚያስተዋውቀው የትምህርት ቤት የጓሮ አትክልት የዛሬው ዝግጅታችን ርእስ ነው።

በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ከተማ፣ ስመ ጥሯ የምግብ ቤት ባለቤት አሊስ ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ1995 በማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር ትምህርት ቤት ባስጀመሩት ሥራ፣ አስፋልት ለብሶ የኖረው አንድ ኤከር ያህል መሬት ተገልጦ ማሳ ሆነ፤ ተማሪዎቹም የዘሩትን ለቅመው፣ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ራሳቸው አብስለው፣ በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ።

በእንዲህ ያለ ማሳ ባቄላ ነቅሎ ሥሩን የሚመረምር ልጅ፣ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ተክሉን የሚመግቡ ረቂቃን ባክቴሪያዎች ያደሩባቸውን ጥቃቅን እባጮች ያገኛል፤ እባጩን በጥፍሩ ሰንጥቆ ውስጡን ቀላ ብሎ ቢያየው፣ ባክቴሪያዎቹ በሥራ ላይ ለመሆናቸው ምልክት ነው፤ የሀገራችን ገበሬ ስንዴንና ባቄላን የሚያፈራርቅበት ጥበብ ምሥጢሩም ይኸው ነው።

ከማዕድ የተረፈው የድንች ልጣጭና የጎመን አገዳም ከደረቅ ቅጠል ጋር ተነባብሮ ሲከመር፣ ዐይን የማያያቸው ፍጥረታት ክምሩን ከውስጥ እያሞቁ ያብላሉታል፤ ከወራት በኋላም ጥቁር ብስባሽ ሆኖ ወደ መደቡ ይመለሳል።

ሰፊ ግቢ ያልታደለ ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ ሥሩ ውሃ እንዲያንጠፈጥፍ የተበሳ አሮጌ ጀሪካን ወይም አፈር የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ጥግ ቢያቆም፣ ለቆስጣና ለሰላጣ ይበቃዋልና፣ መምህራንና ወላጆች ሥራውን ከዚህ እንዲጀምሩ እናሳስባለን።