ከቁና ወደ እሽግ፦ ከሸማቹ ዓይን የራቀው ሚዛን



በጎጃም ደጋ ገበያዎች እህል በቁና ሲሰፈር የልኬቱ ሥራ የሚፈጸመው በገዢው ፊት ነው። ሻጩ ቁናውን ይሞላል፤ ገዢው ይመለከታል፤ ጎደለ ባለ ጊዜም ይከራከራል። ከተስማሙ በኋላ ሻጩ በእፍኙ ምርቃት ይጨምርለታል። ቁና ከቁና ስለሚለያይ ይህ አሰፋፈር የትክክለኛ ልኬትን መመዘኛ አያሟላም። ሆኖም አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ይኸውም ልኬቱ የተሰወረ አለመሆኑ ነው።

የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ከሱቅ የሚገዛው ብስኩት፣ ሳሙናና ፓስታ ግን በፋብሪካ ተመዝኖና ታሽጎ ይመጣል። ዳቦም ቢሆን በቁጥር እንጂ በሚዛን ሲሸጥ እምብዛም አይታይም። ወጪ ሲንር አምራቹ ሁለት መንገዶች አሉት፤ አንዱ ዋጋ መጨመር፣ ሁለተኛው ዋጋውን እንዳለ ትቶ መጠኑን መቀነስ ነው። የመጀመሪያው ወዲያው ይታያል፤ ቅሬታም ያስነሣል። ሁለተኛው በጸጥታ ያልፋል።

በጸጥታ የሚያልፍበትን ምክንያት ቀላል ስሌት ያስረዳል። ለምሳሌ ያህል 100 ግራም የነበረ ዳቦ ቅርጹ ሳይለወጥ 80 ግራም ቢሆን፣ ክብደቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ የጎኑ ስፋት የሚቀንሰው በ7 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ዓይን በቀላሉ አይለየውም። ዋጋው ሳይለወጥ ከቀረ ግን የአንድ ኪሎ ግራም ዳቦ ዋጋ በ25 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝም ከቆላው ይልቅ ይስፋፋል። ስለሆነም የተነፋ ዳቦ ሁሉ ከባድ ዳቦ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ የአምራቹም ሸክም ሊዘነጋ አይገባም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወድዷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መጓጓዣን አውኳል። በመሆኑም መጠን የቀነሰውን ሁሉ ስግብግብ ብሎ መፈረጅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነውሩ ያለው በመቀነሱ ሳይሆን በመደበቁ ነው። የጎደለውን ዕቃ በቀድሞው መጠቅለያና በቀድሞው ዋጋ ማቅረብ የሸማቹን እምነት ወደ ትርፍ መለወጥ ነው። ይህም ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የዕለት ጉርሱን በዕለት ገቢው የሚገዛውን ድሀ ነው።

መንግሥትስ ምን አደረገ? በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በ17 ያህል ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ቢያስቀምጥም፣ ዕቃ ከገበያ እየጠፋ ስለመጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ተነሥቷል። ዋጋን ብቻ መቆጣጠር ጉድለቱን ወደ ክብደት መግፋት መሆኑም ግልጽ ነው። የ2006 ዓ.ም. የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በሸቀጥ መግለጫ ላይ መጠን እንዲጻፍ ያዛል። ነገር ግን በእሽግ ላይ የተጻፈ ክብደት የዛሬውን እንጂ የትናንቱን አይናገርም፤ ያለ መግለጫ ለሚሸጥ ዳቦማ ያም የለም። ፈረንሳይ ከሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች መጠኑ ተቀንሶ የኪሎው ዋጋ የጨመረን ሸቀጥ ለ2 ወራት በማስታወቂያ እንዲገልጹ አስገድዳለች።

ለዚህ መፍትሔ ረቂቅ መሣሪያ አያሻም። በየዳቦ ቤቱ የተረጋገጠ ሚዛን በገዢው ፊት ይቀመጥ፤ የአንድ ኪሎ ዋጋ በግልጽ ይለጠፍ፤ ዳቦ ሲቀዘቅዝ የሚያጣው እርጥበት ታስቦ የተፈቀደው ልዩነት ይወሰን፤ ተቆጣጣሪውም መመዘኛ ይዞ ይዙር። መሐንዲሶች ይህን ለማዘጋጀት በቂ ዕውቀት አላቸው፤ የጎደለው የማስፈጸም ፈቃድ ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። ሆኖም ለልጆቿ ዳቦ የምትገዛ እናት ዕለት ዕለት እንድትጠረጥር የሚያስገድድ ገበያ የታወከ ገበያ ነው። ምርቃቱ ቢቀር እንኳ፣ በቁናው ዘመን የነበራት የማየት መብት ሊመለስላት ይገባል።