ሻንቱዝ፣ ዘፋኝ፣ ድምፃዊት
አቅራቢ 1፦ «ሻንቱዝ» በፈረንሳይኛ ሴት ዘፋኝ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ሲዋሰው ትርጉሙን አጥብቦ በአብዛኛው በምሽት ክበብ ለምትዘፍን ሴት አዋለው።

አቅራቢ 2፦ አማርኛ ይህን ቃል አልተዋሰም። «ዘፋኝ» ለሁለቱም ጾታ ይሆናል፤ ዘፋኙ ዘፈነ፣ ዘፋኟ ዘፈነች ይባላል። «ድምፃዊ» ግን በግዕዝ ስልት «ት» ጨምሮ «ድምፃዊት» ይሆናል።

አቅራቢ 1፦ በአዊ ዞን ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) «ድምፃዊት» ተብላ ትጠራለች። በ2001 እ.ኤ.አ. «ጂጂ» በተሰኘው አልበሟ «አድዋ»ንና «አባይ»ን አቀንቅናለች።

አቅራቢ 2፦ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጣው «አርቲስት» ደግሞ ጾታ አይለይም፤ ክራር ተጫዋቿና ተዋናይቷ አስናቀች ወርቁም «አርቲስት» ተብላለች። ስለዚህ አማርኛ ጾታን ለመለየት የራሱን ሰዋስው ይጠቀማል፤ የተዋሰው ቃል የሙያውን ስፋት ይገልጽለታል።