ቤት ለመግዛት አበዳሪ ስለ መፈለግና ውል ስለ መዋዋል
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት በደመወዙ የሚኖር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ሊገዛ ሲያስብ ገንዘቡን ከማን እንደሚበደርና ውሉን እንዴት በደኅና እንደሚፈጽም ነው። ነገሩ በአዲስ አበባም ያው ነው፤ ዳሩ ግን እኔ አሁን የማስበው በሚዛን ተፈሪ፥ በአማን፥ በቴፒና በዙሪያቸው ባለው የቡና አገር የምትሠሩትን መምህራን፥ የጤና ባለሙያዎችና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ነው። በዚያ አገር ዝናሙ ብዙ ነው፤ የሚያፈሰውን ጣራ ማን ያስጠግን በማለት አከራይና ተከራይ ሲከራከሩ ክረምቱ ያልፋል። ስለዚህ የራስን ቤት መመኘት እንደ ቅንጦት የሚቈጠር አይደለም።

ብዙ ሰው አስቀድሞ ባንክ ይፈልጋል፤ የቤቱን ወረቀት የሚመረምረው ግን በመጨረሻ ነው። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ። ባንክ የተበዳሪውን ደመወዝ ብቻ አይቶ አያበድርም፤ በመያዣ የሚሰጠውን ቤት ወረቀትም ይመረምራል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎአል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ በቦታው ላይ ያለው መብት የሚታወቀው ደግሞ በይዞታ ማረጋገጫው፥ ማለት ሁላችን ካርታ በምንለው ሰነድ ነው።

በሚዛንና በቴፒ ከተማውና ቡናው ተያይዘው ይኖራሉ፤ አጥሩ እስከዚህ ከተማ ሲሆን ከአጥሩ ማዶ ያለው የገበሬ የጓሮ ቡና ነው። ከዚያ ጓሮ ላይ ተቈርሶ፥ በሽማግሌዎች ፊት በተጻፈ ወረቀት በተላለፈ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ዋጋው ይረክሳል። ወረቀቱም አንዳንድ ጊዜ ስለ ሽያጭ አያነሣም፤ «ብድር ወስጃለሁ» ወይም «በስጦታ ሰጥቻለሁ» ይላል። እንዲህ ያለውን ቤት ባንክ በመያዣ አይቀበለውም። የዋጋው መርከስ ምክንያቱ ይኸው ነውና ደላላው «ካርታው በሂደት ላይ ነው» ቢላችሁ፥ ሂደቱ እስኪያልቅ ገንዘባችሁ በኪሳችሁ ይቈይ።

ወደ አበዳሪው እንመለስ። ቀድሞ ለቤት ብድር ብለው ሰዎች የሚሄዱበት ቤቶችና ቁጠባ ባንክ፥ በኋላም የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ የተባለው፥ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋህዶአል። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጎሕ ቤቶች ባንክ ለቤት ብድር ተብሎ የቆመ የግል ባንክ ነው፤ መቀመጫው ግን አዲስ አበባ ነው። በአካባቢያችሁ ያሉትን የንግድ ባንክና የግል ባንኮች ቅርንጫፎች፥ ቀድሞ ማይክሮ ፋይናንስ የነበረውንም ኦሞ ባንክ፥ እያንዳንዳቸውን በየተራ ጠይቁ። አንዱ «ለጊዜው የለም» ቢል ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከመቶ 14 በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አድርጎ ነበር፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል፤ እንዲህ ያለ ጣሪያ ባለበት ጊዜ ባንክ የሚያበድረውን ይመርጣል።

ወለዱን ስትጠይቁ የዓመቱን ብዛት ጨምራችሁ አስሉ። ለስሌት ያህል 1 ሚሊዮን ብር በዓመት ከመቶ 18 ወለድ ተበደራችሁ እንበል። በ15 ዓመት የሚከፈል ከሆነ በየወሩ ወደ 16,100 ብር ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 15,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,100 ብር ያህል ብቻ ነው! ያንኑ ብድር በ10 ዓመት ብትከፍሉት የወሩ ክፍያ ወደ 18,000 ይደርሳል፤ በጠቅላላው ግን ከ730,000 ብር በላይ ታተርፋላችሁ። ከደመወዝ የሚቈረጠው ከሢሶ እንዳያልፍ ከተባለ ደግሞ የ15 ዓመቱን ብድር ለመሸከም ከ48,000 ብር በላይ ደመወዝ ያስፈልጋል። ይህ የብዙ መንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ ባልና ሚስት ደመወዛቸውን አጣምረው ያመለክታሉ፤ ወይም ከመሥሪያ ቤታቸው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርና ከዕቁብ ገንዘብ ሰብስበው የብድሩን መጠን ያሳንሳሉ። ከማኅበሩ የተወሰደው ብድር ግን እርሱም ከደመወዝ የሚቈረጥ ስለ ሆነ ባንኩ እንደሚያስበው አትርሱ። ወለዱ በመካከል ሊለወጥ እንደሚችልና ዕዳውን አስቀድሞ ለመክፈል ቅጣት እንዳለው ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

አሁን ዋናው ችግር ወደሚገኝበት፥ ወደ ቀብዱ ደረስን። ባንክ መሐንዲስ ልኮ ቤቱን እስኪያስገምት፥ ሰነዱንም እስኪመረምር ሳምንታት ያልፋሉ። ሻጭ ግን አይታገሥም፤ ይልቁንም ቡና በሚሸጥበት ወራት ጥሬ ገንዘብ የያዘ ነጋዴ በደጁ ከቆመ የባንክ ሰው አይጠብቅም። ስለዚህ ገዢው ቸኩሎ ቀብድ ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ባንኩ ብድሩን ቢከለክላችሁ እንግዲህ የዓመታት ቁጠባችሁ በሻጩ እጅ ሊቀር ነው። ሆኖም ያው ሕግ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር ይላል። በቀብዱ ወረቀት ላይ «ባንኩ ብድሩን ባይፈቅድ፥ ወይም ቤቱን ከዋጋው አሳንሶ ቢገምት፥ ቀብዱ በሙሉ ይመለሳል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አስጽፉ። ሻጭ ይህን ለመጻፍ እንቢ ቢል ሌላ ቤት ፈልጉ፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ መፈተኛ የለም።

ውሉን ከመፈራረም በፊት ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከከተማው የይዞታ መሥሪያ ቤት ይውጣ፤ ቀኑም የቅርብ ይሁን። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ግዴታ ነው፤ «ሚስቴ ጅማ ናት፥ በስልክ ተስማምታለች» የሚባለው ቃል አይበቃም፤ ትምጣ፥ ወይም የተረጋገጠ ውክልና ትላክ። ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይታወቁ። የሽያጩ ውል በጽሑፍ ሆኖ፥ የሕጉ ቁጥር 1723 እንደሚያዘው በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ፊት ይፈጸም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ለባንክ ብድር የሚደረገውን የመያዣ ውል ከዚህ ሥርዐት ነፃ አድርጎታል፤ ይህ ግን የሽያጩን ውል አይመለከትም፤ መያዣውም ቢሆን በቤቱ መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት።

ቀረጥ ለማሳነስ ሲባል በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ መጻፍ የተለመደ ነው። እጅግ መጥፎ ልማድ ነው። ሕገ ወጥ ከመሆኑም ሌላ፥ ውሉ ቢፈርስ ሰፊውን ገንዘብ መክፈላችሁን በምን ታስረዳላችሁ? የቴምብር ቀረጡንና የስመ ሀብት ማዛወሪያውን ወጪ አስቀድማችሁ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ለብቻው አስቀምጡ፤ ባንክ ይህን አያበድርምና። ገንዘቡን ባንኩ በቀጥታ ለሻጩ እንዲከፍል አድርጉ።

ወርኀዊው ክፍያ ቢቋረጥ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97፥ በውሉ ሥልጣን የተሰጠው ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ክስ ቤቱን በጨረታ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ችግር ሲገጥማችሁ ወደ ባንኩ የምትሄዱት ማስጠንቀቂያው ሳይደርስ ነው። የመጨረሻውን ብር በከፈላችሁበት ቀንም ሥራው አላለቀም፤ ከባንኩ የዕዳ ነፃ ደብዳቤ ተቀብላችሁ ወደ ይዞታ መሥሪያ ቤቱ ሂዱ፥ በመዝገቡ ላይ ያለውም የመያዣ ጽሑፍ ሲሰረዝ በዓይናችሁ እዩ።