የፒንዳር የድል መዝሙርና የእኛ ሜምኖን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በአቃቂ በዓላችንን ስናከብር ስለ አንድ የጥንት ግሪክ ባለ ቅኔ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ስሙ ፒንዳር ነው። በኦሎምፒያና በዴልፊ በሩጫ፣ በትግልና በሠረገላ ላሸነፉ ሰዎች መዝሙር እየደረሰ በመዘምራን ያስዘምር ነበር።

ከጓደኞቼ ጋር አንዱን መዝሙር ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞከርን። የገረመን ነገር፣ ስለ ውድድሩ እምብዛም አለመናገሩ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት የአክራጋሱ ክሴኖክራጥስ በዴልፊ በሠረገላ ድል አደረገ። ፒንዳር ግን የአሸናፊውን ልጅ አባቱን ስላከበረ ያመሰግንና ወዲያው ወደ ትሮይ ጦርነት ይወስደናል። ፓሪስ ፈረሱን በቀስት ስለ ወጋበት የሽማግሌው የኔስቶር ሠረገላ ተይዞ ቆመ፤ ጠላትም ጦሩን ሰብቆ መጣ። ሽማግሌው ልጁን ተጣራ። ልጁ አንቲሎኮስ ደርሶ አባቱን አዳነ፤ ራሱ ግን ሞተ።

ያ ጠላት ማን መሰላችሁ? የኢትዮጵያውያን አለቃ ሜምኖን!

ይህን በክፍል ስናነብ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ «ታዲያ እኛ ለማን እናጨብጭብ?» አለ። ሌላው «የጥቁሮች አለቃ» ብለን እንለውጠው አለ። ምክንያቱም ባዶ አልነበረም፤ የግሪኩ ቃል ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ማለት ነው፤ በዚያ ስም የሚጠሩትም አገር በዛሬው ወሰናችን የሚለካ አይደለም። እኔ ግን አልተስማማሁም። ፎካሪ የጣለውን ሰው ፈሪ ነበር አይልም። ፒንዳርም በሌላ መዝሙሩ አኪሌስ ከጣላቸው ኃያላን መካከል ሄክቶርን ከጠራ በኋላ ሜምኖንን የንጋት ልጅ ብሎ ያነሣዋል። ስማችን በቆመበት ይቁም፤ ይህ ፍርዴ ነው።

የባሰው ችግር ሌላ ነው። ባለ ቅኔያችን ሶምሶንን በስም ብቻ ጠርቶ ቢያልፍ ሰሚው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ግሪኮቹም ለአንቲሎኮስ እንዲሁ ነበሩ። ለእኛ ግን ባዶ ስም ነው። በግርጌ ማስታወሻ ብናስገባ አንባቢው መዝሙሩን ትቶ ግርጌውን ሲፈልግ ዜማው ይጠፋበታል። ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ አስቀድመን ለመተረክ ቈረጥን።

የፒንዳር ዘዴ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አበበ ቢቂላ በሮማ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእንቍጣጣሽ ዋዜማ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ፣ ፋሽስቶች በ1929 ዓ.ም. ወስደውት የነበረው የአክሱም ሐውልት በመንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ። ፒንዳር ቢኖር ኪሎሜትሩን ትቶ ስለ ሐውልቱ የሚዘምር ይመስለኛል።

አንድ ቦታ ላይ ግን አማርኛ ረድቶናል። ሽማግሌው ልጁን ምን ብሎ ተጣራ? ብዙ ቃላት ሞክረን ሰረዝን። በመጨረሻ አንዲት ጓደኛችን፣ አያቷ በጭንቅ ጊዜ የሚሉትን ጻፈች፤ «ልጄ፣ ድረስልኝ!»