ስለ ጓንግ ወንዝና ስለ ግድብ ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር



በየቡና ቤቱ «ጓንግ ሱዳን ላይ ተገድቧል፣ ከእንግዲህ ጎርፍ ምን ያደርገናል» ሲባል እየሰማን ነው። ይህ አነጋገር ሰው የሚያስበላ ስለሆነ ዛሬ በግልጽ ልንነጋገርበት ይገባል።

እንደሚታወቀው ጓንግ ወሰን ሲሻገር አትባራ ይባላል። ሱዳኖች በዚሁ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ኻሽም ኤል ግርባን፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በ2017 የተመረቀውን ሩሜላን ሠርተዋል።

ታዲያ ግድብ ጎርፍን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ነገሩ እንደ ጋን ነው። ጋኑ ባዶ ከሆነ የመጣውን ይቀበላል፤ አፉ ድረስ ከሞላ ግን የጨመራችሁበት ሁሉ በላዩ ይፈስሳል። ስለዚህ ጎርፍ እንዲይዝ የተፈለገ ግድብ ክረምቱ ሳይበረታ ውሃው ዝቅ ተደርጎ ባዶ ቦታ ይተውለታል። ጎርፉ ሲመጣም በበሮቹ ጥቂት ጥቂት እየተባለ፣ ከታች ያለው ወንዝ በሚችለው መጠን ይለቀቃል። በሩ ከመከፈቱ በፊት ለታችኛው ሰው መነገር አለበት። ሳይነገረው ከተለቀቀ ግድቡ ራሱ ጎርፍ ሆነበት ማለት ነው።

ጋኑም እያደር ይጠባል። ኻሽም ኤል ግርባ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ ነበር፤ ግማሽ ያህሉን ቦታ ደለል ወሰደው። ደለሉ ከየት የሄደ ይመስላችኋል? ከኛው እርሻ ነው! (ዛፍ እየቆረጥን ሰሊጥ ስለመዝራታችን ሌላ ቀን እንመለስበታለን።) ግድብ ይሰበራልም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ያለው የአርባዓት ግድብ በከባድ ዝናብ ተሰብሮ ከታች የነበሩትን መንደሮች ጠርጓል፤ ብዙ ሰው አልቋል።

ወደ እኛ እንምጣ። ግድብ የሚጠብቀው ከበታቹ ያለውን ነው። ሩሜላ ያለው ከእኛ በታች ነው፤ ከበላያችን ጓንግን ይዞ የሚያቆይልን ትልቅ ግድብ የለም። ጭልጋ በኩል ሲዘንብ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዙ ሞልቶ ይደርሳል።

ስለሆነም ሳሉግ የምታሠሩ አባሎች የሠራተኛውን ዳስ ከወንዙ ርቃችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሥሩ። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዙ አሸዋ ላይ ማንም አይደር፤ ሙቀቱ እንደሚያስቸግር እናውቃለን፣ ቢሆንም አይደር። ውሃው ደፍርሶ ቅጠልና እንጨት ይዞ መውረድ ከጀመረ መሻገር የለም። ደጋ ዘመድ ያላችሁ ጎርፍ ሲያዩ እንዲደውሉላችሁ ንገሯቸው፤ ወሬው እንደደረሳችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ አስታውቁ። በራፉ ላይ የተሰቀለው ቸርኬ ሲመታ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ዕቃ ሳትሰበስቡ ሕፃናትንና አዛውንትን ይዛችሁ ወደ ከፍታው ውጡ።